አንጋፋው ይቆይ ወይስ ተተኪው ይግባ? ክሪኬት የሚጫወቱ ትናንሽ አገሮች ፈተና

ፍራንክ ንሱቡጋ ኡጋንዳዊ የክሪኬት ተጫዋች ነው። በጁን 2024 ኡጋንዳ በወንዶች የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ዕድሜው 43 ነበር። በዚያ ውድድር ከተሳተፉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ተጫዋች እሱ ነበር። ጉያና ላይ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ጋር ሲጋጠሙ 24 ኳስ ወረወረ፤ ተጋጣሚው ከእነዚያ 24 ኳሶች ያገኘው 4 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎችንም ከጨዋታ አስወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ውድድር ታሪክ ድርሻውን ሙሉ በሙሉ ወርውሮ ይህን ያህል ነጥብ የነፈገ ሰው አልነበረም። ኡጋንዳም አሸነፈች።

ከሦስት ቀን በኋላ ያው ቡድን በዌስት ኢንዲስ ፊት በ39 ነጥብ ተጠቃለለ። ቀጥሎ ከኒውዚላንድ ጋር ሲጫወት ደግሞ 40 ላይ ቆመ።

በዚሁ ቡድን ውስጥ ናጉሩ ከሚባለው የካምፓላ የድሆች ሰፈር የወጣ ጁማ ሚያጊ የተባለ ፈጣን ወርዋሪ ነበር። በ2022 ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ አገሩን ወክሎ የተጫወተ ልጅ ነው። ንሱቡጋ ዓለም አቀፍ ውድድር መጫወት ሲጀምር ሚያጊ ገና አልተወለደም። እንግዲህ መራጩ እናንተ ብትሆኑ፣ ለሚቀጥለው ማጣሪያ ዛሬ ለሚያሸንፈው አንጋፋ ቦታ ትሰጣላችሁ ወይስ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊያሸንፍ ለሚችለው ልጅ? በህንድና በአውስትራሊያ ይህ የቡና ወሬ ነው። በትናንሾቹ አገሮች ግን የስፖርቱ ሕልውና ራሱ የሚንጠለጠልበት ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ላስረዳ እሞክራለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ

ክሪኬት ለብዙዎቻችን ባዕድ ስለሆነ ሳይከብድ ላስቀምጠው። በየቡድኑ 11 ሰው አለ። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። መቺው ኳሱን መትቶ ከጓደኛው ጋር ቦታ ተለዋውጦ በሮጠ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ነጥቡ ራን ይባላል። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ነው። ከመቺው ኋላ የተተከሉት እንጨቶች በኳሱ ከተመቱ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ መቺው ይወጣል። አሥር ሰው ከወጣ የዚያ ቡድን ተራ አበቃ። ጨዋታው ሦስት መልክ አለው፦ አምስት ቀን የሚፈጀው ቴስት፣ በአንድ ቀን የሚያልቀው ባለ 50 ኦቨር፣ እና ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስደው ቲ20። ይህን ካወቃችሁ ለቀሪው ጽሑፍ ይበቃችኋል።

ክሪኬት እኛም አገር ይጫወታል። እስራኤል ከ1974 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ተባባሪ አባል ናት፤ በ1979 እንግሊዝ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የተባባሪ አባላት ዋንጫም ተካፍላለች። ጨዋታውን ይዘው የቆዩት በአብዛኛው ከህንድ የመጡት ቤኔ እስራኤል፣ እንዲሁም ከደቡብ አፍሪካና ከእንግሊዝ ዓሊያ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ክለቦቹን የምታገኟቸው ቤር ሼባ፣ ዲሞና፣ አሽዶድና ሎድ ነው፤ ማለትም ብዙዎቻችን ባደግንባቸው ከተሞች። እኔም ጨዋታውን የለመድኩት አያቷ ከሙምባይ በመጡ አንዲት የትምህርት ክፍል ጓደኛዬ በኩል ነው። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ስለሆንኩ ደግሞ «ትልቁ ይቆይ ወይስ ልጁ ይግባ» የሚለውን ክርክር የምሰማው በስፖርት ብቻ አይደለም። ዛሬ ግን ስለ ክሪኬት ብቻ ነው የምጽፈው።

ሒሳቡ ለምን ይለያል

በዓለም ላይ የምክር ቤቱ ሙሉ አባል የሆኑት 12 ብቻ ናቸው። ተባባሪ አባላት ከ90 ይበልጣሉ። ከ2024 እስከ 2027 ባለው የገንዘብ ክፍፍል ህንድ ብቻዋን ከሲሶ በላይ ትወስዳለች፤ ከ90 በላይ የሚሆኑት ተባባሪ አባላት ሁሉ በጋራ የሚካፈሉት ከመቶ 11 እጅ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። በዚያ ላይ የትንሽ አገር ድርሻ የሚወሰነው በማጣሪያ ውጤትና በደረጃ ነው። ባለ 50 ኦቨሩ የዓለም ዋንጫ በ2015 ለ14 አገሮች ክፍት ነበር፤ በ2019 እና በ2023 ወደ 10 ጠበበ። በሩ በጠበበ ቁጥር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሽንፈት የአራት ዓመት በጀት ይዞ ይሄዳል።

አሁን የመራጩን ወንበር አስቡት። አውስትራሊያ ውስጥ ስድስት ክፍለ ግዛቶች በባለ አራት ቀን ሊግ ይጋጠማሉ። አንድ የ37 ዓመት መቺ ቢቀነስ ከኋላው ለዓመታት በጠንካራ ጨዋታ የተፈተኑ ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መራጩ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ ውድ አይደለም። በትንሽ አገር ግን ከአንጋፋው ኋላ ያለው ሰው ምናልባት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚጫወት ተማሪ፣ ወይም ለማጣሪያው ከአሠሪው ፈቃድ የሚለምን ሠራተኛ ነው። በአንጋፋውና በተተኪው መካከል ያለው ርቀት አንድ ደረጃ አይደለም፤ ገደል ነው። ስለዚህ መራጩ በየማጣሪያው «አሁን አይደለም፣ ከዚህኛው በኋላ» ይላል። ከዚህኛው በኋላ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ አለ። ማንም ሰው ክፉ ሳያስብ፣ ከእጅ ወደ አፍ እየኖሩ አሥር ዓመት ያልፋል። ወላጆቻችን ለዘር የተቀመጠ እህል በክረምት መብላት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሚበላው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ስለራበው ነው።

ኬንያ

ይህን ታሪክ ከኬንያ በላይ የሚያሳይ የለም። ጎረቤት አገር ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ከፍታዋም ውድቀቷም ትልቅ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

በ1996 የዓለም ዋንጫ፣ ህንድ ፑኔ ላይ ኬንያ 166 ራን ብቻ አስቆጥራ ወጣች። ተጋጣሚዋ ዌስት ኢንዲስ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ያነሳች፣ በዚያን ጊዜ የዓለም ቁንጮ ከሚባሉት መቺዎች አንዱ የሆነው ብራያን ላራ የሚጫወትላት። ዌስት ኢንዲስ በ93 ተጠቃለለች። የኬንያ አምበል ሞሪስ ኦዱምቤ ሦስት ሰው አስወጥቶ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ በስቲቭ ቲኮሎ አምበልነት ኬንያ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ኒውዚላንድ በጸጥታ ስጋት ምክንያት ናይሮቢ አልሄድም ብላ ነጥብ መስጠቷ እውነት ነው። ነገር ግን ኬንያ ስሪ ላንካን ናይሮቢ ላይ፣ ባንግላዴሽንና ዚምባብዌን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ በጨዋታ ነው ያሸነፈችው። ሙሉ አባል ያልሆነች አገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በባለ 50 ኦቨሩ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ አታውቅም።

ልብ በሉ፣ የ2003ቱ ቡድን የሽማግሌዎች ቡድን አልነበረም። ቲኮሎ 31፣ ኦዱምቤ 33 ነበሩ፤ ስሪ ላንካን በአምስት ዊኬት ያፈረሰው ኮሊንስ ኦቡያ ግን ገና 21 ነበር፣ ቶማስ ኦዶዮም 24። አዋቂና ወጣት የተመጣጠኑበት፣ ለማንኛውም መራጭ የሚያስቀና ቡድን ነበር። ችግሩ ከኦቡያ ኋላ የሚመጣው ማን ነው የሚለው ላይ ነበር። የኬንያ ክሪኬት በአብዛኛው በናይሮቢ ጥቂት ክለቦች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ የመጣው ትኩረትና ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ክፍላተ ሀገር አልወረደም። በ2004 ኦዱምቤ ከቁማርተኞች ገንዘብ በመቀበሉ አምስት ዓመት ታገደ። ተጫዋቾች በክፍያ ጉዳይ ሥራ አቆሙ። ማኅበሩ ራሱ ፈርሶ በ2005 በሌላ ተተካ። እነዚህ ሁሉ በሚሆኑበት ጊዜ ቡድኑ ዓለም አቀፍ ጨዋታ በቅጡ አላገኘም። ልጆች የሚማሩት ደግሞ በመጫወት ነው።

ስለዚህ ቲኮሎ ቀረ። 2007 ላይ አለ፣ 2011 ላይም አለ፤ አምስተኛ የዓለም ዋንጫው፣ ዕድሜው 39። በዚያ ውድድር ኬንያ ቼናይ ላይ በኒውዚላንድ በ69 ራን ተጠቃለለች፤ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። ቲኮሎ ጡረታ ወጣ። ከዚያ በ2013 ለቲ20 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንደገና ተጠራ። 42 ዓመቱ ነበር። በ2014 ኬንያ በማጣሪያ ወድቃ የባለ 50 ኦቨር ዓለም አቀፍ ደረጃዋን አጣች።

አንዳንዶች ይህን ሲያዩ «ቲኮሎ ቦታውን ባለመልቀቁ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በ2013 የ42 ዓመት ሰው መጥራት የበሽታው ምልክት ነው፣ በሽታው አይደለም። ቲኮሎ ቦታ የዘጋበትን ልጅ ስም ጥሩልኝ ብትባሉ አንድም አታገኙም። ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ ነው ወንበሩ ላይ የተመለሰው። ጥፋቱ ያለው ከ2003 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ቡድኑ ገና በሚያሸንፍበትና ሁሉም በሚያጨበጭብበት ጊዜ፣ ከታች ምንም ባለመሠራቱ ነው።

ሁሉም በአንድ ቀን ሲሄዱ

«እንግዲያው ሁሉንም አሮጌ አስወጥቶ በወጣት መጀመር ይሻላል» ለሚል ደግሞ ዚምባብዌ አለች። እዚያ የሆነው የስፖርት እቅድ አልነበረም። በ2004 አምበሉ ሂዝ ስትሪክ ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ በቡድን ምርጫና በዘር ጉዳይ የከረረ ጠብ ውስጥ እሱን ጨምሮ 15 ነጭ ተጫዋቾች ከቡድኑ ወጡ። ዚምባብዌ ለብዙ ዓመታት የጥቁር ልጆችን ተሰጥኦ ችላ ያለ ስፖርት እንደነበራትም መዘንጋት የለበትም፤ የለውጡ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። የሆነው ግን ልምድ ያለው ትውልድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጥፋቱ ነው።

አምበልነቱ ለታተንዳ ታይቡ ተሰጠ። 21 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በዚያን ጊዜ በቴስት ታሪክ ትንሹ አምበል። ጎበዝ ዊኬት ጠባቂና ጎበዝ መቺ ነበር፤ ነገር ግን ከጎኑ ቆሞ «ይህን ወርዋሪ አሁን ለውጠው» የሚለው ሰው አልነበረውም። በዚያው ኤፕሪል ሐራሬ ላይ በስሪ ላንካ በ35 ራን ተጠቃለሉ። ቀጥለው በተደረጉት ሁለት ቴስቶችም እያንዳንዱን በአንድ ኢኒንግስና ከ200 በላይ ራን ተሸነፉ፤ ማለትም ዚምባብዌ ሁለት ጊዜ መትታ ስሪ ላንካ አንድ ጊዜ የመታችውን እንኳ አልደረሰችበትም። በ2006 መጀመሪያ አገሪቱ ራሷን ከቴስት አገለለች፤ የተመለሰችው በ2011 ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ በኋላ ጥሩ ተጫዋች ሆነዋል። ሆኖም በየሳምንቱ በሰው ፊት እየተዋረዱ መማር ልጅን የሚያጠነክረው በፊልም ላይ ነው። በእውነተኛው ዓለም ብዙው ትቶ ይሄዳል። ታይቡ ራሱ በ29 ዓመቱ ክሪኬትን ተወ።

አየርላንድ ምን አደረገች

አየርላንድም እንደ ኬንያ ወርቃማ ትውልድ ነበራት። ማርች 17 ቀን 2007፣ በቅዱስ ፓትሪክ በዓላቸው ዕለት፣ ብዙዎቹ ሌላ መደበኛ ሥራ የነበራቸው ተጫዋቾች ጃማይካ ላይ ፓኪስታንን አሸነፉ። በ2011 ባንጋሎር ላይ እንግሊዝ 327 ራን አስቆጥራ አየርላንድ ተሻገረችው፤ ኬቨን ኦብራየን በ50 ኳስ መቶ መታ፣ ያኔ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ከሁሉ የፈጠነው መቶ። ትልቁ ፈተናዋ ግን ጎረቤቷ ነበረች። ጎበዝ አይሪሽ ቴስት መጫወት ከፈለገ ወደ እንግሊዝ መዞር ነበረበት። ኤድ ጆይስ ሄደ፣ ቦይድ ራንኪን ሄደ፣ ኦየን ሞርጋን ሄዶ በ2019 እንግሊዝን በአምበልነት የዓለም ዋንጫ አስነሳ። ስለዚህ በአየርላንድ የቀሩትን አንጋፋዎች አጥብቆ መያዝ የስንፍና ጉዳይ አልነበረም፤ ልጁን አሳድገህ ሌላው ሲወስደው ምን ታደርጋለህ?

ከኬንያ የተለየው እዚህ ላይ ነው። በ2013፣ ቡድኑ ገና በከፍታው ላይ እያለ፣ አየርላንድ ሦስት ክፍላተ ሀገር የሚጋጠሙበት የአገር ውስጥ ውድድር ጀመረች። ሌንስተር፣ ሰሜን እና ሰሜን ምዕራብ። ሦስት ቡድን ብቻ! ትንሽ ይመስላል። ግን የ19 ዓመት ልጅ በዓመት ጥቂት ጊዜ እንኳ ለብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ወርዋሪ ፊት ለፊት እንዲቆም አደረገ። በክለብና በብሔራዊ ቡድን መካከል ባለው ገደል ላይ መሰላል ተተከለ ማለት ነው። በ2017 ያ ውድድር ከፍተኛውን የአገር ውስጥ ደረጃ አገኘ፤ በዚያው ዓመት አየርላንድ ከአፍጋኒስታን ጋር ሙሉ አባል ሆነች።

ውጤቱ ወዲያው አልታየም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ትዕግሥቱን ያጣል። ሜይ 2018 ላይ የመጀመሪያውን ቴስት ሲጫወቱ ጆይስ 39 ዓመቱ ነበር፤ ተመልሶ መጥቶ ያቺን አንድ ቴስት ለአገሩ ተጫወተና ወዲያው ጡረታ ወጣ። ቲም ሙርታግና ኒል ኦብራየን 36 ነበሩ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ያው ትውልድ በማጣሪያ በአፍጋኒስታን ተሸንፎ የ2019 የዓለም ዋንጫ አምልጦታል። በጁላይ 2019 ለንደን ሎርድስ ላይ ሙርታግ በ37 ዓመቱ 13 ራን ብቻ ሰጥቶ አምስት ሰው አስወጣ፤ እንግሊዝ በ85 ተጠቃለለች። በሁለተኛው ዙር ግን አየርላንድ በ38 ራን አለቀች። አንጋፋ ለአንድ ጠዋት ተአምር ይሠራል፤ ዓመቱን ሙሉ አይሸከምም።

ከዚያ ቅብብሉ መጣ። ኦገስት 2020 ሳውዝሃምፕተን ላይ እንግሊዝ 328 አስቆጠረች። ፖል ስተርሊንግና አንዲ ባልቢርኒ መቶ መቶ መተው ወጡ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ኳስ ሲቀር ሜዳው መሃል የነበሩት ሁለቱ መቺዎች የ20 ዓመቱ ሃሪ ቴክተርና የ36 ዓመቱ ኬቨን ኦብራየን ነበሩ። ኦብራየን እንዲህ ያለ ግብ ተከታትሎ ማሸነፍን ያውቅበታል፤ ቴክተር ደግሞ ገና ሦስተኛ ጨዋታው ነው። አንድ ኳስ ሲቀር ሁለቱም ሳይወጡ ጨረሱት። በክሪኬት መቺ ብቻውን አይቆምም፤ በየኦቨሩ መሃል ሁለቱ ተገናኝተው ይነጋገራሉ። የአንጋፋ ትክክለኛ ዋጋ ያለው በዚያ በየስድስት ኳሱ በሚደረግ አጭር ንግግር ውስጥ ነው፤ አሠልጣኝ ከሜዳ ውጭ ሆኖ ሊሰጠው አይችልም።

በ2021 አየርላንድ በናሚቢያ ተሸንፋ ከቲ20 የዓለም ዋንጫ ከመጀመሪያው ዙር ወጣች። ከዚያ በኋላ ኦብራየን አልተጠራም። እሱ አውስትራሊያ ላይ ለሚደረገው የ2022 ዋንጫ ተስፋ ነበረው፤ መራጮቹ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፣ እሱም በኦገስት 2022 ተሰናበተ። ለዚያ ሁሉ ውለታ ክፉ አሰነባበት ነው ያሉ ነበሩ፤ ስሜቱ ይገባኛል። ከሁለት ወር በኋላ ያለ እሱ አየርላንድ ዌስት ኢንዲስን ከውድድሩ አስወጣች፣ ሜልቦርን ላይም እንግሊዝን አሸነፈች። በማርች 2024 ደግሞ በስምንተኛ ሙከራዋ የመጀመሪያ የቴስት ድሏን አፍጋኒስታን ላይ አገኘች። ግን ተረት አላድርገው፤ በመካከሉ የ2023ን የዓለም ዋንጫ እንደገና አምልጧታል።

ማጣሪያውን ያለፈው ማን ነው?

ኔዘርላንድስ ጥያቄውን ትንሽ ታወሳስበዋለች። በ2023 ዚምባብዌ ላይ በተደረገው ማጣሪያ በእንግሊዝ ክለቦች ውል የታሰሩ ብዙ አንጋፋዎቿ አልመጡም። ቡድኑ በቀሩት ተጫዋቾች ዌስት ኢንዲስን በተጨማሪ ኦቨር አሸነፈ፤ በወሳኙ ጨዋታ ባስ ደ ሌደ ስኮትላንድ ላይ አምስት ሰው አስወጥቶ 123 ራን መታ፣ ወደ ህንድ የሚያስኬደውም ትኬት ተቆረጠ። አባቱ ቲም ደ ሌደ በሦስት የዓለም ዋንጫዎች የተጫወተ ነው።

ዋንጫው ሲደርስ አንጋፋዎቹ ተመለሱ። ለደቡብ አፍሪካ ተጫውቶ ወደ ኔዘርላንድስ የዞረው የ38 ዓመቱ ሮሎፍ ቫን ደር ሜርቨ ዳራምሳላ ላይ የቀድሞ አገሩን ገጠመ፤ በ19 ኳስ 29 መታ፣ ሁለት ሰው አስወጣ፣ ኔዘርላንድስ በ38 ራን አሸነፈች። ታዲያ በሐራሬና በቡላዋዮ ፀሐይ ማጣሪያውን አልፈው ወንበራቸውን ለተመላሽ የሰጡት ልጆች ምን ይሰማቸዋል? በጨዋታው ሒሳብ መራጩ ትክክል ነበር፤ ደቡብ አፍሪካን አሸንፏልና። ነገር ግን ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። እኔ ብሆን አንጋፋውን እወስደው ነበር፤ ከልጆቹ ቢያንስ ሁለቱን ግን አብሬ አስጉዤ ቦታቸው እንዳለ በግልጽ እነግራቸው ነበር። ቃል ያልተገባለት ልጅ አይጠብቅም።

በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላም ነገር አለ፤ ዕድሜ ለሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ንሱቡጋ በ43 ዓመቱ የሚጫወተው ኳሱን በዝግታ እያሽከረከረ የሚወረውር ስለሆነ ነው። ይህ ጥበብ ከጉልበት ይልቅ በጣትና በጭንቅላት ይሠራል፤ ከዓመት ዓመት የሚሻሻልም አለ። ፈጣን ወርዋሪ በ35 ጉልበቱና ወገቡ ይነግሩታል። የመቺ ዓይን ቀስ ብሎ ይደክማል፤ ከሁሉ በፊት የሚታየው ግን ኳስ ተከትሎ በመሮጥ ላይ ነው። ስለዚህ አስተዋይ መራጭ «ስንት ዓመቱ ነው» ብሎ አይጀምርም። ይህ ሰው የያዘው ቦታ አንድ ልጅ ሊማርበት የሚችል ቦታ ነው ወይ? ልጁንስ የት ነው የምናስቀምጠው? ወጣትን ቡድን ውስጥ አስገብቶ በመጨረሻ ተራ እንዲመታና አንድ ኦቨር እንዲወረውር ማድረግ ተተኪ ማፍራት አይደለም፤ ሻንጣ ማስያዝ ነው። ወይ ትክክለኛ ኃላፊነት ስጡት፣ ወይ እውነተኛ ጨዋታ ወደሚያገኝበት ቡድን መልሱት።

ኬንያ ዛሬ ከዋናው የተባባሪ አባላት ሊግ በታች ባለው ቻሌንጅ ሊግ ውስጥ ናት። የ2027ቱ ባለ 50 ኦቨር የዓለም ዋንጫ ወደ 14 አገር ተመልሶ ሰፍቷል፤ የሚደረገውም በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ ነው። ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ሙሉ አባል ስለሆኑ ያለ ማጣሪያ ይገባሉ። ናሚቢያ ግን ውድድሩን ቤቷ እያስተናገደች ለመሳተፍ ማጣሪያ ማለፍ አለባት። ለደቡብ አፍሪካ ተጫውቶ ወደ ናሚቢያ የመጣው፣ የቡድኑ ምሰሶ የነበረው ዴቪድ ቪሰ፣ በ39 ዓመቱ ከ2024ቱ ቲ20 የዓለም ዋንጫ በኋላ ተሰናብቷል። በኦክቶበር 2025 ዊንድሁክ ላይ አዲሱ ሜዳ ሲመረቅ ናሚቢያ ያለ እሱ ደቡብ አፍሪካን ገጠመች። በመጨረሻው ኳስ አሸነፈች።